«ይበየዳል» አለች እማዬ

ባለፈው ጥር አንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ የራሴን ቤት የጋራዥ በር፣ ማለትም የመኪና ማደሪያውን፣ በራሴ መኪና ገጨሁት። ሰው ሲጠይቀኝ «በረዶ አንሸራቶኝ ነው» እላለሁ። በረዶ አልነበረም። እንቅልፍ ነው። ሆስፒታል ፈረቃዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። መኪና ውስጥ ገብቼ የጋራዡን ሪሞት ተጫንኩ። ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። እኔም የተከፈተ መስሎኝ ወደ ኋላ ለቀቅሁት። በሩ ግን ገና ግማሽ ላይ ነበር።

ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ነው፤ ከዚያ ረዘም ያለ ሲቃ። ወርጄ ሳየው በሩ ከተሠራባቸው አግድም የብረት ገበታዎች (ፓኔሎች) የታችኛው ወደ ውጭ ተቆልምሟል። ከሱ በላይ ያለው ተጨርምቷል። በግራ በኩል ሮለሮቹ፣ በሩ የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ጎማዎች፣ ከሐዲዳቸው ወጥተዋል፤ የብረት ገመዱ (ኬብሉ) እንዳልታሰረ የጫማ ክር ተንጠልጥሏል። በሩ ወገቡን እንደያዘው ሽማግሌ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆሟል።

እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ መኪናውን፣ ከዚያ በሩን። «ተመስገን፣ አንቺ ተርፈሻል» አለች። ቀጥላ የተቆለመመውን ብረት በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፦

«ይበየዳል።»

ቤታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ ነው፣ ሜሪላንድ። ጋራዡ ሁለት መኪና እንዲይዝ ተብሎ ነው የተሠራው። እኛ ቤት አንዱ ወገን ብቻ ነው የመኪና፤ ሌላው የእማዬ ነው። ኤሌክትሪክ ምጣዷ እዚያ ነው። የሊጡ ባልዲ፣ የጤፍ ዱቄቱ ከረጢት፣ በርበሬው፣ ሰፌዱ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ኩሽና ውስጥ ከጋገረች እንፋሎቱ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ የሥራ ልብሴም እርሾ እርሾ ይላል። እዚህ አካባቢ የማውቃቸው ስንት ቤቶች እንጀራቸውን የሚጋግሩት ጋራዥ ነው። እማዬ በሩን አንድ ክንድ ያህል ከፍ ታስደርግና በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ በኩል ያለፈ ጎረቤት በር ሥር ሁለት የተጠቀለሉ እግሮችና እንፋሎት ያያል።

የፊት ለፊቱ በር ደግሞ ለዕቃ አድራሾች ነው። ቤተሰብ፣ ወዳጅ፣ ዘመድ የሚገባው በጋራዥ ነው። ስለዚህ የሰበርኩት የመኪና መግቢያውን ሳይሆን የቤቱን ዋና በር ነው።

እማዬ «ይበየዳል» በማለቷ አልፈርድባትም። ኮተቤ ያለው የግቢያችን በር ላሜራ ነው፣ አረንጓዴ። የክረምት ጎርፍ ሥሩን ይበላዋል። መስከረም ሲጠባ አባቴ በያጅ ይጠራል። በያጁ የበሰበሰውን በግራይንደር ቆርጦ ያወጣል፣ አዲስ ላሜራ ይለጥፋል፣ ቀለም ይቀባል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከጎኑ። በመጨረሻ ከበሩ ጥገናው በልጦ ነበር። አባቴ ግን «አዲስ በር» የሚል ነገር ካፉ ወጥቶ አያውቅም። እዚያ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ብረት ውድ ነው፣ የሰው እጅ ርካሽ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚኖረው በዚህ ሒሳብ ነው። የተጣለ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ጫማ።

እዚህ ሒሳቡ ተገልብጧል። የሰው እጅ ነው ውዱ። የመጀመሪያው ባለሙያ በሩን ገና ሳይነካ፣ ለመምጣቱ ብቻ 79 ዶላር ከፍያለሁ።

እሱም ብዙ አልቆየም። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ታብሌቱን አወጣና «ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው፣ 5,200 ዶላር፣ ዛሬ ከፈረምሽ ቅናሽ አለ» አለኝ። የተበላሸው ምን እንደሆነ ስጠይቀው በጣቱ በሩን በጅምላ አሳየኝ። ቀጥሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ሪሞዴሊንግ የሚባለው መጽሔት በየዓመቱ ሲያወጣው የነበረ የቤት እድሳት ሪፖርት ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት መሠረት የጋራዥ በር መቀየር በአማካይ 4,513 ዶላር ያስወጣል፤ ቤቱ ሲሸጥ ግን የወጪውን 193.9 በመቶ ይመልሳል። ሪፖርቱ ካነጻጸራቸው እድሳቶች ሁሉ አንደኛ ማለት ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ በኋላ ፈልጌ አይቼዋለሁ። ግን የመመለሻው ዋጋ የቤት አሻሻጮች ግምት ነው እንጂ የሰው ኪስ የገባ ብር አይደለም። ደግሞስ ቤቴን ልሸጥ ነው ያልኩት ማነው? እማዬ ምጣዷን ሶክታ ነው ያለችው።

አልፈረምኩም። «ከቤተሰብ ጋር ልነጋገር» አልኩት። እማዬ ከኋላ ቆማ ዋጋውን ስተረጉምላት አማተበች።

ማታ ባሌ ዩቲዩብ ከፍቶ ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ደግነቱ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ቀድመው ደረሱ። ጋሼ ነው የምላቸው። ድሮ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ነበራቸው፤ የመኪና መጠገኛውን ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲባል ሌላ ነገር አይደለም። መዶሻ፣ ካቻቢቴና አንድ ቁራጭ ጣውላ ይዘው መጡ። ፓኔሉን ከውስጥ በጣውላ ደግፈው ለመቀጥቀጥ ነው። ተንበርክከው አዩት፣ በጣታቸው አንኳኩት። ከዚያ ቀና ብለው ከበሩ በላይ ያለውን ዘንግ ሲያዩ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ይህን አልነካም» አሉ። «ይህ የተጠመጠመ ሞላ ነው። የመኪና ሞላ ሲያመልጥ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በሩን የሚያነሣው ሞተሩ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ባለ ሁለት መኪና የብረት በር የአንድ ጎልማሳ ሰው ያህል ይከብዳል፣ አንዳንዱም ይበልጣል። ክብደቱን የሚሸከመው ከበሩ ራስ በላይ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ነው። ኬብሎቹ ከዘንጉ ጫፍ ወርደው የበሩን ታችኛ ማዕዘኖች ይይዛሉ። በሩ ሲዘጋ ሞላው ይጠመዘዛል፤ ሲከፈት ጉልበቱን መልሶ ይሰጣል። ሞተሩ እኮ መንገድ መሪ ነው እንጂ ተሸካሚ አይደለም። ጋሼ ታች ማዕዘኑ ላይ ያሉትን ቀይ ቀለም የተቀቡ ቡሎኖች አሳዩን። ቀይ የሆኑት ለውበት አይደለም። የሞላው ጉልበት ሁሉ በኬብሉ ወርዶ እነሱ ላይ ነው ያለው። ሞላው ሳይለቀቅ እነሱን በመፍቻ የፈታ ሰው እጁን ያጣል። ባሌ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛው ባለሙያ ከኤልሳልቫዶር የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስለሱ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አይቆጨኝም፣ ምክንያቱም ከዋጋ በፊት ምርመራ ያደረገው እሱ ብቻ ነው። ነርስ ነኝና ልዩነቱ ይገባኛል።

መጀመሪያ ኬብሉን ወደ ቦታው መልሶ በሩን አቃና። ከዚያ በሩን ዘግቶ ከሞተሩ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ሳበ፤ በሩ ከሞተሩ ተላቀቀ። በእጁ እስከ ወገቡ ድረስ አነሣውና ለቀቀው። በሩ ወደ መሬት ወረደ፤ በእግሩ ባይቀበለው ይፈጠፈጥ ነበር። «ጤነኛ በር እዚህ ጋ ስትለቂው ባለበት ይቆማል» አለኝ። እንግዲህ ሞላው ከግጭቱ በፊትም ደክሞ ነበር። ሞተሩ ሲያጉረመርም የኖረው ያላቅሙ ተሸክሞ ነው። እኔ ደግሞ የሞተር ድምፅ እንዲህ ነው ብዬ ለምጄዋለሁ።

ቀጥሎ ስለ ፓኔሉ አስረዳኝ። ብረት ጎድጎድ ካለ ምንም አይደለም፤ መልክ ነው። ሰው ካላፈረበት አብሮት ይኖራል። ከታጠፈ ግን ሌላ ነው። እንደ ወረቀት መስመር ሠርቶ ከታጠፈ ጥንካሬውን ያጣል፣ በሩ በተነሣ ቁጥር እዚያው መስመር ላይ ይታጠፋል። የላይኛው ፓኔላችን ጎድጉዷል። የታችኛው ታጥፏል። በዚያ ላይ ማጠፊያው የተያዘባቸው ብሎኖች የፓኔሉን ጠርዝ ቀደው ወጥተዋል።

«ታዲያ ሁለቱን ብቻ ብትቀይርልኝስ?» አልኩት።

በሩ ላይ ከውስጥ በኩል የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት በባትሪ አበራና ሞዴሉን አነበበ። ስልክ ደወለ። ፋብሪካው ያንን ሞዴል ማምረት አቁሟል። የሌላ ፋብሪካ ፓኔል ደግሞ አይገጥምም፤ ፓኔሎቹ የሚነካከሱበት ጠርዝ እንደየፋብሪካው ይለያያል። ቢገኝም ኖሮ የእኛ በር በፀሐይ ብዛት ወደ ቅቤ ቀለም ሄዷል። መሀሉ ላይ አዲስ ነጭ ፓኔል ማስገባት አሮጌ አፍ ውስጥ የወርቅ ጥርስ መትከል ነው። ያምርበታል የሚል ይኖራል። የቤቶቹን የውጭ መልክ የሚቆጣጠረው የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን ከነሱ አይደለም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «በቀን ስንት ጊዜ ትከፍቱታላችሁ?» ቆጠርን። እኔ መውጫና መግቢያ። ባሌ እንደዚሁ። ልጆች ከትምህርት ቤት። ቆሻሻ ማውጣት። የእማዬ ምጣድ። ቢያንስ ስምንት ጊዜ። መደበኛ ሞላ ለ10,000 መክፈትና መዝጋት ነው የሚሠራው። አሥሩን ሺህ ለስምንት አካፍዬ በስልኬ ሳሰላው ሦስት ዓመት ተኩል አይሞላም። ጠቅላላ ቤተሰቡ የሚገባበት በር ስለሆነ ነው። ይህን ሳልሰማ ለመጀመሪያው ሰው ፈርሜ ቢሆን ኖሮ 5,200 ዶላሩን ከፍዬ፣ በአራተኛው ዓመት ሞላው ሲበጠስ «አዲስ በር ገዝቼ!» እያልኩ እጮህ ነበር። በሩ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ሞላው በራሱ ቀን ይሞታል። በዚያው ወፈር ያለና ከዚያ እጥፍ የሚቆይ ሞላ እንዳለ ተማርኩ። በሩ ቢጠገንም ቢቀየርም እሱን አስገባልኝ አልኩት።

ሊሄድ ሲል ወለሉ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ዓይኖች አየ። በሩ ሲወርድ ሰው ወይም ሕፃን ካለ የሚያስቆሙት ናቸው። በሩ ሥር የሚቀሩ ሕፃናት ነገር አሳስቦ፣ ከጃንዋሪ 1993 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚመረት የጋራዥ ሞተር እንዲህ ያለ መከላከያ ሳይኖረው እንዳይወጣ ሕግ ሆነ። ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት። የእኛ በር ከወራት በፊት ጀምሮ ግማሽ ከወረደ በኋላ ተመልሶ መነሣት አመል ሆኖበት ነበር። ባሌ «ሞተሩ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት» ይል ነበር። ሰውየው አንዱን ዓይን በአውራ ጣቱ ጠረገና ጣቱን አሳየኝ። ቡናማ ዱቄት ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጤፍ» አልኩት።

በሩ ወዲያው ተዘጋ። ለዚህች ጥገና አላስከፈለኝም።

ሁለት ዋጋ ትቶልኝ ሄደ። የታችኛውን ፓኔል አቃንቶ፣ በጀርባው ደጋፊ ብረት አስሮ፣ ሞላ፣ ኬብልና ሮለር በሙሉ ቀይሮ 1,350። ወይም ሙሉ አዲስ በር፣ ከነጥሩው ሞላ፣ 3,400። «የኔ ቢሆን ጠግኜው ሁለት ዓመት እኖርበታለሁ» አለ። እማዬ ቋንቋው ባይገባትም ፊቱን አይታ «እኚህ ሰው እግዚአብሔርን ይፈራሉ» አለች። ሰላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ስለ ኢንሹራንስ ብዙ የምለው የለም። የራስን ቤት በራስ መኪና ስትገጪ የመኪናው ኢንሹራንስ ለበሩ አይከፍልም፤ የሚመለከተው የቤቱን ነው። የእኛ ደግሞ የመጀመሪያውን 2,500 ከራሳችሁ ይላል። ውሉን አጠፍኩና መሳቢያ ውስጥ መለስኩት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ለመጠገን ወስኜ ነው የሰነበትኩት። ሁለት ሺህ ዶላር ቀልድ አይደለም። ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ያረፈ ጊዜ መርዶው የመጣብኝ በዚህ በር ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሪሞቱን ተጫንኩ። በሩ ቀስ እያለ ሲነሣ መጀመሪያ ጫማ ታየኝ። ብዙ ጫማ። ከዚያ የቀሚስ ጠርዝ። ከዚያ የተዘቀዘቀ ነጠላ። ፊታቸውን ሳላይ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ጋራዡ ድንኳን ሆነ። ታጣፊ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ቡናው እዚያ ተፈላ፣ ንፍሮው እዚያ ተቀቀለ። እማዬ ወደኛ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህን በር እንዴት ጥዬ አዲስ አስገባለሁ እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በነዚያ ሦስት ቀናት በሩን ያየው ሰው የለም። ጣሪያ ሥር ተኝቶ ነበር። የጋራዥ በር ጥሩ ሥራ በሚሠራበት ሰዓት አይታይም። የማስታውሰው ሰዎቹን ነው።

ውሳኔዬን ያስቀየረችው ራሷ ባለ «ይበየዳል» ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ ስትጋግር ከጎኗ ተቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ አልቀመጥም፤ ቅዳሜ ወይ ሥራ ነኝ ወይ እንቅልፍ። ጋቢዋን በሹራብ ላይ ደርባ፣ በእግሯ የባሌን ወፍራም ካልሲ አድርጋለች። አክንባሎውን ባነሣች ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣና በሩን ያገኘዋል። የእኛ በር አንድ ንጣፍ ስስ ብረት ነው፤ ውስጡ ምንም የለውም። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ እንፋሎት። ውሃው ብረቱ ላይ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። በዓይኔ ተከተልኩት። የታችኛው ፓኔል ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። እዚያ ጋ ብረቱ ዝጎ ጥፍሬ ገባበት።

በሩን የበላችው መኪናዬ ብቻ አይደለችም። እንጀራውም ሲበላው ኖሯል። ያንን ፓኔል አቃንቼ፣ ደጋፊ ብረት አሥሬ፣ ከሞላው ጋር ብመልሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ኮተቤው በር ሥሩ ይበሰብሳል። ልዩነቱ እዚህ መስከረም ሲጠባ የሚጠራ በያጅ የለኝም። ከእጅ አይሻል ዶማ።

የእማዬን ጣቶች አየሁ። የአዝራር ቀዳዳ የማይገባላቸው ያበጡ ጣቶች፣ በብርድ የቀሉ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሦስት ክረምት እዚህ ተቀምጣ ስትጋግር አንድ ቀን «በረደኝ» አላለችም። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ሰኞ ደወልኩና ሁለት ንጣፍ ብረት፣ መሀሉ አረፋ ያለውን በር አዘዝኩ። ሙቀት የሚይዘውን። 3,400 ላይ 300 ተጨመረበት።

እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። «ደህና በር አስጣልሽ» እያለች።

የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ለፈቃድ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ቅጽ፣ የቀለም ናሙና፣ የጎን ፎቶ፣ የፊት ፎቶ። ቀበሌ ናፈቀኝ። ቀበሌ ቢያንስ ፊት ለፊት «ነገ ተመለሺ» ይልሻል፤ እነዚህ በኢሜይል ነው የሚሉሽ።

በሩ በግማሽ ቀን ተገጠመ። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው በእጁ እስከ ወገቡ አንሥቶ ለቀቀው። በሩ አየር ላይ ባለበት ቆመ። እኔንም ሞክሪ አለኝ። በሁለት ጣቴ አነሣሁት። እማዬም ሞከረች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ልጆቹን ጠርታ እንደገና።

ሠራተኞቹ አሮጌውን ጭነው ሊሄዱ ሲሉ እማዬ መኪናቸው ፊት ቆመች። የተቆለመመውን ፓኔል ተዉልኝ ነው የምትለው። አምስት ሜትር የሚጠጋ ብረት! ምን ልታደርጊው ነው ብላት አትመልስም። ዝገቱን ቆርጠው፣ ለሁለት ከፍለው ተዉላት። ጋሼ መዶሻቸውንና ጣውላቸውን ይዘው መጡ። ሞላ የለ፣ ኬብል የለ፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እየዘፈኑ ቀጠቀጡት።

አሁን ሰኔ ነው። ፓኔሉ ጓሮ ሁለት ጡብ ላይ ተጋድሟል። እማዬ አንሶላ አንጥፋበት በርበሬ ታሰጣለች። ጋሼ ባለፉ ቁጥር «አላልኩሽም? ተቃንቷል» ይሉኛል። በአንድ በኩል ግን የመኪናዬ የኋላ መከላከያ ቅርጽ አልጠፋም፤ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። እማዬ ኮረሪማውን የምታሰጣው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ነፋስ አይወስደውም ትላለች።